ታሪክ ስለ መጻፍ፣ ስለ ማየትና ስለ መውደድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ታሪክ እንደምጽፍ የሚያውቁ ሰዎች የሚጠይቁኝ ነገር ይመሳሰላል። ጥያቄው ስለ ፈጠራ ይመስላል፤ መልሱን ስፈልግ ግን ሁሌም የምደርሰው ትኩረት ጋ ነው። ምኑን አየን፣ ምኑን አለፍነው፣ ምን ስናነብ ልባችን ተሰቀለ። መልሶቼን እዚህ ሰብሰብ አድርጌያቸዋለሁ። ከላይ ወደ ታች ማንበብ ትችላላችሁ፤ ካልሆነም የሚመለከታችሁን ብቻ ምረጡ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐሳብ ከየት ነው የምታመጪው?

ይሄኛው ከሁሉም ይበዛል። ሐሳብ ከባዶ አይመጣም። ለእኔ የሚመጣልኝ ምንም የማይገናኙ የሚመስሉ ሁለት ነገሮች ጭንቅላቴ ውስጥ ሲገናኙ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። አንድ ቀን ለጉዳይ ተሰልፈን ከፊቴ አንድ አዛውንት ነበሩ። ተራቸው በደረሰ ቁጥር ዞር ብለው ከኋላቸው ያለውን ሰው ያሳልፋሉ። እኔንም "አንቺ እለፊ ልጄ" ብለው አሳለፉኝ። ጨርሼ ስወጣ አሁንም እዚያው ቆመዋል፤ አንድ ፖስታ በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ያኔ ነገሩ ትሕትና ብቻ እንዳልሆነ ተሰማኝ። መስኮቱ ጋ መድረስ የፈለጉ አይመስሉም። ይህቺን ጽፌ አስቀመጥኳት። ታሪክ ግን አልነበረችም፣ አንዲት ምስል ናት። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንዲት ሴት ስለ ፍጹም ሌላ ጉዳይ ስታወራ "መልሱን ከምሰማ ስጠብቅ ብኖር ይሻለኛል" ስትል ሰማኋት። በቃ፣ ሁለቱ ገጠሙ። ፖስታው ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ ስል መጻፍ ጀመርኩ።

እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሜሪ ሼሊ "ፍራንከንስታይን" የተባለውን ልብ ወለዷን የጀመረችው በ1816፣ ገና በ18 ዓመቷ፣ ጄኔቫ ሐይቅ አጠገብ ነው። በዋዜማው ዓመት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ስለነበር የአውሮፓ አየር ተበላሽቷል። ዝናቡ እሷንና ጓደኞቿን ቤት አስቀራቸው። የሙት መንፈስ ታሪኮች እያነበቡ ሳለ ገጣሚው ባይረን "ሁላችንም አንዳንድ እንጻፍ" አለ። ማታ ማታ ደግሞ ኤሌክትሪክ ለሞተ አካል ሕይወት ሊዘራ ይችል እንደሆነ ይወራል። እሷ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብላ ታዳምጥ ነበር። መጽሐፉ ከዚያ ሁሉ ዝናብ፣ ወሬና ፍርሃት ወጥቶ በ1818 ታተመ። ለ1831ዱ እትም በጻፈችው መግቢያ ላይም ፈጠራ ማለት ከባዶ ነገር መፍጠር ሳይሆን ከተዘበራረቀ ነገር መፍጠር እንደሆነ ራሷ ተናግራለች።

ስለዚህ "ሐሳብ የለኝም" የሚለኝን ሰው ሰሞኑን ምን እንዳየና ምን እንደሰማ ነው መልሼ የምጠይቀው።

ፈጠራ ተሰጥዖ ነው ወይስ ልምምድ?

ተሰጥዖ የለም አልልም። አንዳንድ ሰው ሲፈጥረው ለቃላት ጆሮ አለው። ግን ስለ ተሰጥዖ መጨነቅ ለማንም አንድ ገጽ ጽፎለት አያውቅም፤ የምንለውጠው ነገር አይደለማ። የምንለውጠው የምናየውን፣ የምናነበውንና ደጋግመን የምናርመውን ነው። ጉልበታችሁን እሱ ላይ አውሉት።

ሁላችንም ዓይን አለን። "ተመልከቱ" ስትዪ ምን ማለትሽ ነው?

ይሄ ጥያቄ በጣም ደስ ይለኛል፤ ትንሽ ላርዝመው።

በ1999 ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ሻብሪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሰዎችን አጭር ቪዲዮ አሳዩ። ነጭ የለበሱና ጥቁር የለበሱ ተጫዋቾች ኳስ ይቀባበላሉ። የተመልካቹ ሥራ የአንዱ ቡድን ልጆች ስንት ጊዜ እንደተቀባበሉ መቁጠር ነው። መሐል ላይ የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው በተጫዋቾቹ መካከል አቋርጦ ያልፋል። ከተመልካቾቹ ግማሽ ያህሉ አላዩትም። በ2013 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ነገሩን በባለሙያዎች ሞከሩት። 24 የራዲዮሎጂ ሐኪሞች በሳንባ የሲቲ ስካን ምስል ላይ እባጭ እንዲፈልጉ ተደረገ። ምስሉ ውስጥ ትንሽ የጎሪላ ሥዕል ተደብቆ ነበር። 20ዎቹ አላዩትም። የሚገርመው ደግሞ የዓይናቸው እንቅስቃሴ ሲለካ፣ ካላዩት ውስጥ አብዛኞቹ ዓይናቸው በቀጥታ ጎሪላው ላይ አርፎ ነበር!

ዓይናችን ጤነኛ ነው ማለት ነው። ችግሩ የሰጠነው ሥራ ጠባብ መሆኑ ነው። ቀኑን ሙሉ የራሳችንን ኳስ ስንቆጥር እንውላለን፦ ሰዓት ደረሰ፣ ስልክ ልደውል፣ ይሄን ሰውዬ እንዴት ላሳምነው። ሌላው ሁሉ ዓይናችን ላይ እያለፈ አይገባም። ቪክቶር ሽክሎቭስኪ የሚባል ሩሲያዊ ሐያሲ በ1917 ልማድ ነገሮችን ሁሉ እንደሚውጥብን ጽፎ ነበር፤ ሥራውን፣ ልብሱን፣ የቤቱን ዕቃ ሳይቀር። ለእሱ ጥበብ የሚያስፈልገው ድንጋዩ ድንጋይ መሆኑ እንደገና እንዲሰማን ነው። እኔም በዚህ አምናለሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለዓይናችሁ ሌላ ሥራ ስጡት። ዛሬ እጅ ብቻ እዩ። ሰው ሲጠብቅ እጁን ምን ያደርገዋል? ሲዋሽስ? ነገ ደግሞ ንግግር ብቻ ስሙ። ሰዎች የተጠየቁትን ጥያቄ በቀጥታ የሚመልሱት ስንቴ እንደሆነ ልብ ስትሉ ትደነቃላችሁ። "እናትህ ደህና ናቸው?" ይባላል። "ቤቱን ልንሸጠው ነው" ይላል መላሹ። እዚህች መሐል ላይ ሙሉ ታሪክ አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ስትጽፉ ስሜቱን በስሙ ከመጥራታችሁ በፊት ያያችሁትን ጻፉ። "ሰውየው ከፍቶታል" ከማለት "ስልኩ ሲጠራ የደዋዩን ስም አየና ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠው" በሉ። የመጀመሪያው የእናንተ ፍርድ ነው፤ ሁለተኛው ላይ አንባቢው ራሱ ይፈርዳል። አንባቢ ደግሞ ራሱ የደረሰበትን ነገር በቀላሉ አይረሳም።

ሕይወቴ ጭር ያለ ነው፤ ምንም አይፈጠርበትም። ስለ ምን ልጽፍ?

አሜሪካዊቷ ገጣሚ ኤሚሊ ዲከንሰን አብዛኛውን ዕድሜዋን ያሳለፈችው በአንድ ቤት ውስጥ ነው፣ ቤተሰቦቿ ጋ፣ አምኸርስት በምትባል ከተማ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከግቢዋ መውጣት ጭራሽ ትታ ነበር። ወደ 1,800 የሚጠጉ ግጥሞች ጽፋለች። ንብ፣ በር፣ የመስኮት ብርሃን፣ ሞት። የጎደለባት ነገር ያለ አይመስልም።

ብዙ መጓዝ፣ ብዙ ማየት ጥሩ ነው፤ አልክድም። ግን አገር ያቆራረጠ ሁሉ የሚነግረን ነገር አለው ማለት አይደለም፤ አንድ ግቢ ውስጥ የኖረም ባዶ ነው ማለት አይደለም። ጭር ያለ ሕይወት ውስጥ ትንሽ ለውጥ ጎልቶ ይታያል። ጎረቤት በሩን የሚዘጋበት ድምፅ ከትናንት ሲለይ የሚሰማው እዚያ የሚኖር ሰው ነው።

ማስታወሻ ደብተር የግድ ነው?

በእኔ እምነት አዎ። ወረቀት ይሁን ስልክ ግድ የለኝም፤ የቀረባችሁን ያዙ።

ምክንያቱ የማስታወስ ችሎታችን ታማኝ ስላልሆነ ነው። ፍሬድሪክ ባርትሌት የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1932 ባሳተመው ሥራው ሰዎችን ከሌላ ባህል የመጣ፣ ለእነሱ እንግዳ የሆነ ታሪክ አስነብቦ ቆየት ብሎ መልሰው እንዲጽፉት አደረገ። ታሪኩ እያጠረ ሄደ። እንግዳው ነገር ወደሚያውቁት ተቀየረ፤ ታንኳው ተራ ጀልባ፣ የባሕር እንስሳ አደኑ ዓሣ ማጥመድ ሆነ። ሰዎቹ ግን ያነበቡትን የጻፉ ነው የመሰላቸው። እኛም በየቀኑ እንደዚሁ እናደርጋለን። ያየነው ነገር ውስጥ እንግዳውን፣ ከጠበቅነው ጋር የማይገጥመውን ቀድመን እንጥለዋለን። ለጸሐፊ ደግሞ ዋናው እሱ ነው።

ቻርለስ ዳርዊን ይሄ ገብቶት ነበር። በግለ ታሪኩ ላይ የራሱን መደምደሚያ የሚቃወም ነገር ባገኘ ቁጥር ሳይውል ሳያድር ይመዘግበው እንደነበር ጽፏል፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ነገር ከሚደግፈው ይልቅ ቶሎ እንደሚረሳ በልምድ አውቋል። ይሄንን ልማድ ለሳይንቲስት ብቻ አትተዉት። ስለ አንድ ሰው "ስስታም ነው" ብላችሁ ከደመደማችሁ በኋላ ያ ሰው ሲሰጥ ካያችሁት፣ እሷን ቶሎ ጻፏት። ገጸ ባሕርይ ከእንደዚህ ዓይነቷ ነገር ነው ነፍስ የሚዘራው።

ደብተሩ ቆንጆ መሆን የለበትም። ዓረፍተ ነገር እንኳ ባይሆን ችግር የለውም። "ፖስታ፣ ሁለት እጅ፣ ያሳልፋሉ" ብሎ መጻፍ ይበቃል። ብቻ በዚያው ቀን ይሁን።

ሰውን እያዩ መጻፍ ሐሜት አይሆንም?

ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእኔ መስመር እንዲህ ነው፦ በአደባባይ ያየሁትን እንቅስቃሴ፣ አነጋገር፣ አኳኋን እወስዳለሁ። አምኖኝ የነገረኝን ሰው ምስጢር አልወስድም። ስሙን ብቀይረውም፣ ከተማውን ብቀይረውም አልወስድም። ምክንያቱም ባለቤቱ ሲያነበው ያውቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ለማንም ምንም ላይናገር ይችላል።

ደግሞም ምስጢሩ አያስፈልጋችሁም። እኔ የአዛውንቱን ፖስታ ውስጥ አላየሁም፤ ባየው ኖሮ ምናልባት ታሪኩን አልጽፈውም ነበር። አለማወቄ ነው ቦታ የሰጠኝ። ከሰው የምትፈልጉት ጥያቄውን ነው፤ መልሱን ከራሳችሁ አምጡት። የራሳችሁ ፍርሃት፣ የራሳችሁ ቅናት፣ የራሳችሁ ናፍቆት በቂ ነው።

ከማንም በላይ ይሄ የሚከብደው ስለ ቤተሰብ ለሚጽፍ ሰው ነው። ለእሱ አንድ ሕግ መስጠት አልችልም። ብቻ ከማሳተማችሁ በፊት በሕይወት ያለውን ሰው አስነብቡት።

ሐሳብ ሲነጥፍብሽ ምን ታደርጊያለሽ?

መጀመሪያ ምን ዓይነት መንጠፍ እንደሆነ እለያለሁ። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሰው ብዙ ሠርቶበት መውጫው ሲጠፋው ነው። ሌላው ገና ምንም ሳይሰበስብ ሲቀመጥ ነው። መድኃኒታቸው ይለያያል፤ ሰው ግን ለሁለቱም "እረፍ" ይባላል።

ግሬሃም ዋላስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1926 የፈጠራን ሂደት በ4 ደረጃ ከፍሎ ነበር፦ ዝግጅት፣ ማብላላት፣ ብልጭታና ማጣራት። ሰው ብልጭታውን ይወዳል፣ ስለ እሱም ያወራል። ዝግጅቱ ግን ይዘለላል። ሒሳብ ሊቁ ሄንሪ ፖይንካሬ ስለ ራሱ የተናገረው ነገር አለ፤ ለሳምንታት ሲታገለው የነበረ ጉዳይ ውስጥ ትልቁ ሐሳብ የመጣለት ለሽርሽር ወጥቶ አውቶቡስ ሊሳፈር እግሩን ሲያነሳ ነው፣ ያኔ በፈረስ ይጎተት የነበረውን አውቶቡስ ማለቴ ነው። ይህችን ታሪክ የሚደግሙ ሰዎች አውቶቡሱን ያስታውሳሉ፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ትግል ግን ይረሱታል። ፖይንካሬ ራሱ ነው እንዲህ ያለው ብልጭታ ሰው በደንብ ከለፋ በኋላ እንጂ ዝም ብሎ እንደማይመጣ አጥብቆ የተናገረው።

እናም ብዙ ለፍታችሁበት ከሆነ ተዉትና ውጡ። መራመድ የምር ይጠቅማል። በ2014 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማሪሊ ኦፔዞና ዳንኤል ሽዋርትዝ ባደረጉት ጥናት ሰዎች ሲራመዱ ከተቀመጡበት ይልቅ ብዙ አዳዲስ ሐሳብ አፍልቀዋል፤ ባዶ ግድግዳ እያዩ በመራመጃ ማሽን ላይ የተራመዱትም ጭምር። አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ ያለው ጥያቄ ላይ ግን መራመዱ ያን ያህል አልረዳም። ስለዚህ ለማርቀቅ ተራመዱ፣ ለማረም ተቀመጡ።

ገና ምንም ካልሰበሰባችሁ ደግሞ እረፍት አይደለም የሚያስፈልጋችሁ። ደብተራችሁን ይዛችሁ ሰው ወዳለበት ሂዱ። ወይም አንብቡ። ባዶው ገጽ ላይ ማፍጠጥ ከእነዚህ ሁሉ የባሰ ነው፤ የሚያስገኘው ፍርሃት ብቻ ነው።

ሥራ እሠራለሁ፣ ጊዜ የለኝም። እንዴት ልጻፍ?

አንቶኒ ትሮሎፕ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛው ጋ ይቀመጥና ሰዓቱን ፊቱ አስቀምጦ በየ15 ደቂቃው 250 ቃላት ይጽፍ ነበር፤ ከዚያ ወደ ሥራው። 47 ልብ ወለዶች ጽፏል። ይሄንን የማነሳው እንደ እሱ ሁኑ ለማለት አይደለም። ልጅ የሚያሳድግ ሰው፣ በፈረቃ የሚሠራ ሰው፣ ታማሚ የሚያስታምም ሰው እንዲህ ያለ ጠዋት የለውም፤ "ፍላጎት ካለ ጊዜ አይጠፋም" የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። የማነሳው መጻፍ ሙሉ ቀን ባዶ ማግኘትን እንደማይጠይቅ ለማሳየት ነው። 15 ደቂቃም ጊዜ ነው። መጻፍ ባትችሉ እንኳ መመልከት ትችላላችሁ፤ ለእሱ ተጨማሪ ሰዓት አያስፈልግም።

የማነበው ሰው አጻጻፍ ይጋባብኛል። ማንበብ ላቁም እንዴ?

ኧረ በፍጹም! ይጋባባችሁ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ልጅ ሳለ መጻፍ የተማረው እንዲህ ነው፦ የወደደውን ጽሑፍ ያነባል፣ የየዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ በአጭሩ ይመዘግባል፣ ጥቂት ቀናት ያሳድረዋል፣ ከዚያ መጽሐፉን ሳያይ በራሱ ቃላት መልሶ ይጽፈዋል። መጨረሻ ላይ ከዋናው ጋር ያስተያያል። አንዳንዴም የተሻለ የጻፈባት ቦታ ታገኘውና ደስ ይለዋል። ሞክሩት። ከየትኛውም የአጻጻፍ ትምህርት በላይ ያስተምራል፤ የት ላይ ቃል እንዳጠራችሁ፣ የት ላይ እንዳበዛችሁ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ለልምምድ የጻፋችሁትን ግን የራሴ ነው ብላችሁ አታውጡት። ሌላው መፍትሔ ብዙ ሰው ማንበብ ነው። የአንድ ሰው ብቻ ሲሆን ቅጂ ትሆናላችሁ፤ የብዙ ሰው ሲሆን ድምፃችሁ ቀስ እያለ ይወጣል።

ሰው ለምን ይሄን ያህል ታሪክ ይወዳል?

ሳናስበው ስለምንሠራው ይመስለኛል። በ1944 ፍሪትዝ ሃይደርና ማሪያን ዚመል ለሰዎች አጭር የካርቱን ፊልም አሳዩ። ፊልሙ ውስጥ ያሉት አንድ ትልቅ ሦስት ማዕዘን፣ አንድ ትንሽ ሦስት ማዕዘን፣ አንዲት ክብና በሩ የሚከፈት የሚዘጋ ሳጥን ብቻ ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ 34 ተመልካቾች ውስጥ ያየውን በቅርጾች እንቅስቃሴ ብቻ የገለጸው አንድ ሰው ነው። ሌሎቹ ትልቁ ጉልበተኛ ነው፣ ትንሹ ደፋር ነው፣ ክቧ ፈርታ ተደበቀች አሉ። ለሦስት ማዕዘን አዘኑለት!

ይሄንን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። አንባቢያችን ገና መጽሐፉን ሳይከፍት ግማሹን ሥራ ለመሥራት ዝግጁ ነው ማለት ነው። ሁሉንም ነገር ማስረዳት የለብንም። ማን ማንን እንደሚፈልግ፣ ማን በሩን እንደዘጋ ካሳየነው የቀረውን እሱ ይሞላዋል።

ቀለል ያሉ ታሪኮች ነው የምወደው፤ የፍቅር፣ የወንጀል ምርመራ፣ ተከታታይ ድራማ። ጸሐፊ መሆን ለሚፈልግ ሰው ያሳፍራል?

አያሳፍርም። እንዲያውም ይሄ እፍረት ብዙ ጎበዝ ሰው ሲያበላሽ አይቻለሁ። የሚወደውን ትቶ ሊወደው የሚገባውን ለመጻፍ ይሞክራል። ጽሑፉ ይደርቃል። አንባቢው ያልተወደደ ነገር ከሩቅ ይሸተዋል።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚጠናው ቻርለስ ዲክንስ ልብ ወለዶቹን በየወሩ ወይም በየሳምንቱ በክፍል በክፍል ነበር የሚያወጣው። አንባቢው ልቡ ተንጠልጥሎ ቀጣዩን ይጠብቅ ነበር። ያኔም "ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን?" የሚለው ጉጉት ነው ሰውን የያዘው። ያ ጉጉት ዝቅ ተደርጎ የሚታይ ነገር አይደለም። ታሪክን ታሪክ የሚያደርገው እሱ ነው።

ከወደዳችሁት ነገር ጋር ቁጭ በሉና ጠይቁት። ይህ ድራማ እስከ እኩለ ሌሊት ለምን አቆየኝ? የትኛው ትዕይንት ላይ ነው ስልኬን ያስቀመጥኩት? ማንን ነው የፈራሁለት፣ ከመቼ ጀምሮ? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በሐቀኝነት የመለሰ ሰው፣ ያልወደደውን ትልቅ መጽሐፍ እየታገለ ከጨረሰ ሰው የበለጠ ይማራል። ከዚያ ደግሞ ከለመዳችሁት ራቅ ያለ ነገር ሞክሩ። ግዴታ አታድርጉት፣ አዲስ ሰው እንደ መተዋወቅ ነው፤ አንዳንዱ ወዳጅ ይሆናል፣ አንዳንዱ አይሆንም።

አጻጻፉን ማወቅ የማንበብን ደስታ አይገድልም?

የመጀመሪያው ንባብ ላይ ካደረጋችሁት ሊገድል ይችላል። እኔ መጀመሪያ ዝም ብዬ ነው የማነበው፤ እስክሪብቶ አልይዝም፣ አላሰምርም። ካለቀስኩ ላልቅስ፣ ከሳቅኩ ልሳቅ። የወደድኩትን ብቻ ነው ለሁለተኛ ጊዜ የምከፍተው፣ ያኔ እንዴት እንደተሠራ አያለሁ። ለምሳሌ ገዳዩ ማን እንደሆነ እያወቃችሁ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ድጋሚ አንብቡ። ጸሐፊው ፊታችሁ ላይ አስቀምጦት ሳታዩት ያለፋችሁትን ነገር ታገኛላችሁ፤ ያ ግኝት ራሱ ሌላ ደስታ ነው።

መጨረሻውን ማወቅ ታሪክን ሁልጊዜ እንደማያበላሽ የሚጠቁም ጥናትም አለ። በ2011 ጆናታን ሌቪትና ኒኮላስ ክሪስተንፌልድ ለአንባቢዎች አጫጭር ልብ ወለዶች ሰጡ፤ ለአንዳንዶቹ መጨረሻውን አስቀድመው ነገሯቸው። በአማካይ መጨረሻውን የሰሙት የበለጠ ወደዱት። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ተቃራኒውንም አግኝተዋል፣ ስለዚህ ነገሩ ያለቀለት አይደለም። ለጓደኛችሁ የፊልም መጨረሻ ለመናገር ፈቃድ አይሆናችሁም።

የጀመርኩትን መጽሐፍ ሳልጨርስ መተው ነውር ነው?

አይደለም። ተዉት። ምናልባት ከዓመታት በኋላ ስትመለሱበት ይከፈትላችሁ ይሆናል። ብቻ የት ገጽ ላይ እንደሰለቻችሁ ልብ በሉ፤ ለጽሑፋችሁ ይጠቅማል።

ልጄ አንድ ታሪክ ብቻ ደጋግሜ እንዳነብለት ይፈልጋል። ሌላ እንዲለምድ ላስገድደው?

አታስገድዱት፤ እሱ የሚያውቀው ነገር አለ። በ2011 ጄሲካ ሆርስትና ባልደረቦቿ የ3 ዓመት ልጆችን አጥንተው ነበር። አንዱ ወገን አንድን ታሪክ ደጋግሞ ሰማ። ሌላው ወገን የተለያዩ ታሪኮች ሰማ። አዲሶቹን ቃላት ሁለቱም እኩል ጊዜ ነው የሰሙት። አንዱን ታሪክ ደጋግመው የሰሙት ልጆች ግን ቃላቱን በተሻለ ያዙ። ታሪኩን ስላወቁት፣ ትኩረታቸው ለሌላ ነገር ነፃ ይወጣል ብዬ አስባለሁ።

ሲደጋገም ቃል ብትቀይሩ ያርማችኋል፤ ያን ጊዜ አትቆጡት። ልጁ የሚጠብቀውን ዓረፍተ ነገር ከመጥራታችሁ በፊት ትንሽ ዝም በሉና ዓይኑን እዩት። ጸሐፊዎች ስንት ዓመት የምንለፋው ያንን ዓይን ለማግኘት ነው። ትንሽ ከፍ ሲል ደግሞ "ከዚያስ ምን የሆነ ይመስልሃል?" በሉት፣ የሚመልሰውንም አታርሙት።

የጻፍኩትን ለማን ላሳይ?

ለሚያነብ ሰው። የሚወዳችሁ ሰው ሁሉ አንባቢ አይደለም፤ "በጣም ቆንጆ ነው" ይላችሁና እዚያው ያበቃል። "እንዴት ነው?" ብላችሁም አትጠይቁ፤ ሰውን ታስጨንቁታላችሁ። ይልቅ የት ላይ እንደሰለቸው፣ የት ላይ ግራ እንደገባው፣ የማንን ስም እንደረሳ ጠይቁት። ሲመልስ አትከላከሉ፤ ጽፋችሁ ያዙ። "መጨረሻውን እንዲህ ብታደርገው" ካላችሁ መፍትሔውን ላትወስዱት ትችላላችሁ፣ ግን ጣቱን ያስቀመጠበት ቦታ ላይ በእርግጥ አንድ ችግር ይኖራል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ከዚያ ቦታ ሁለት ሦስት ገጽ ቀድሞ ነው ያለው፤ እዚያ ሂዱና ፈልጉት።

ሁለት አንባቢ ይበቃል፤ ሦስት ከሆነ ደግሞ ጥሩ ነው። ከዚያ ካለፈ ምክሩ እርስ በርሱ መጋጨት ይጀምራል። ከመስጠታችሁ በፊት ግን አንዴ ለራሳችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ምላሳችሁ የተሰናከለበት ዓረፍተ ነገር መስተካከል አለበት።